ከማዕዱ በፊት የተዋጠችው እንክብል

ሰኞ፣ ጥር 13

ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እየጻፈ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ። «ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ» አልኩት። «ዓመቱን ንገሪኝ እንጂ ታሪክ አልጠየቅሁሽም።» ሁለት ዓመት። «ማስታገሻ ትወስጃለሽ?» ለራስ ምታቴ፣ ከሱቅ እየገዛሁ። ያን ጊዜ ቀና አለ። ሲኮርጅ የያዝኩትን ተማሪ እኔም እንደዚያ ነው የማየው። «ጨጓራሽን በገዛ እጅሽ ስትልጪው ነው የከረምሽው» ብሎ ወረቀቱን ወረወረልኝ።

ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቄ የሄድኩት ለዚህ ነው። ምርመራው ባክቴሪያ አለብሽ አለ። ቁስለትም ሳይኖር አይቀርም ተባለ።

የመድኃኒት ክፍሏ ሴትዮ ደግሞ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ በመስኮቱ ትጮሃለች። አሲድ የምትቀንሰው እንክብል ይቺ ናት፤ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት። እንዳለች ትዋጣለች፣ አትከፈትም፣ አትታኘክም። ሌሎቹ ሁለቱ ባክቴሪያውን የሚገድሉ ናቸው። ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የለም። ጠላም አረቄም የለም። የሱቅ ማስታገሻ ከዛሬ ጀምሮ አበቃ። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይ ደም ካስታወከሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ። በመጨረሻ «ለጎረቤት እንዳታካፍዪ! እናንተ በመድኃኒትም እንደ ቡና ነው የምትጠራሩት» አለች። ሰልፈኛው ሳቀ። ሁሉንም ጠላኋቸው።

መታመሜን ለማንም አልናገርም። ባሌ መንግሥቱ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ ታላቅ ወንድሙ አያ ደሴ ቋሪት ያለውን የመንግሥቱን ማሳ ያርሳል። ለልጄ ለቤዛ ግን አንድ ቁና እህል ልኮ አያውቅም። በሳምንቱ ማክሰኞ፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ሽማግሌዎች እዚያው እሱ ቤት ሊያስታርቁን ነው። መታመሜን ከሰማ «ዛሬ ነገ መሞቷ ነው፣ ልጅቷንም ማሳውንም እኔው እይዛለሁ» ብሎ እርቁን ይተወዋል። ስለዚህ የእንክብሏ ብልቃጥ ከልብሴ ሥር ይቀመጣል።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ጠዋት እንክብሏን ዋጥኩና ሰዓቴን እያየሁ ቁርሴን ጠበቅሁ። ባንቻምላክ በመስኮት አየችኝ። አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ አንድ ትምህርት ቤት ነው የምናስተምረው። ከዓይኗ የሚያመልጥ የለም።

በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብላ «እኔ ለማንም አልናገርም እኮ» አለችኝ። «ያ መድኃኒት ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። ሰዓቱን ጠብቆ የሚውጥ ሰው ወፍሮ ነው የሚኖረው።» የኤችአይቪ መድኃኒት እንደመሰላት ገባኝ። ሌላ ነው አልኳት። «እሺ፣ ሌላ ነው» አለችና እጄን ይዛ አሻሸችው። በጥፊ ባልኳት ደስ ይለኝ ነበር።

እሱ ሳያንስ ስለ እርቁ ጀመረች። «የሺ ቤት ልትበዪ ነው አሉ? እንዳታደርጊው! ሴትዮዋ ታበላለች።» እትዬ የሺ የአያ ደሴ ሚስት ናቸው። ታበላለች ማለት ምግብ ውስጥ ነገር አድርጋ የሰው አንጀት ትቆርጣለች ማለት ነው። አላምንም። እኔ አስተማሪ ነኝ። ግን እውነቱን ለመጻፍ፣ እትዬ የሺን ከመጥላቴ የተነሳ ሐሜቱ ጣፈጠኝ። በመንግሥቱ ለቅሶ ላይ ጥቁር ነጠላዬን አየት አድርገው ሞቱን ጠብቄ የገዛኋት ይመስል «አዲስ ናት» ያሉኝን እስካሁን አልረሳሁትም።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ቃሩ አሁንም አለ። ደረቴ ላይ ፍም የተቀመጠ ይመስለኛል። ይህን ሁሉ ስድብ የጠጣሁት በሁለት ቀን የሚያድነኝ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለባንዲራ ሰልፍ ስሮጥ እንክብሏን ረሳኋት። ትዝ ያለችኝ ከምሳ በኋላ ነው። ማታ ሁለት ላድርጋት ብዬ ወሰንኩ፤ እጄ ላይም አውጥቻቸው ነበር። ኋላ ብልቃጡ ውስጥ ተጠቅልላ የነበረችውን ወረቀት አነበብኩ። ያመለጠን ለማካካስ ደርበው አይውሰዱ ትላለች። አንዷን መለስኳት። ለማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም።

ርዕሰ መምህሩን ለማክሰኞ ፈቃድ ጠየቅሁት። «የአንድ ለአምስት ሪፖርትሽ ሳይገባ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም» አለ። በኛ ቡድን አምስታችንም አንነጋገርም፣ ምን ልጻፍ? «ቡድናችን በጋለ ስሜት እየተወያየ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ፈረመልኝ።

ራሴን ይፈልጠኛል። የድሮዋ ክኒን መሳቢያ ውስጥ ነበረች። ሽንት ቤት ጣልኳት። ይቺ የዛሬዋ ድሌ ናት።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

መሪጌታ ጥበቡ ለገበያ ቡሬ መጥተው ቤቴ ገቡ። ዋናው ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ወንበር ላይ ሳይቀመጡ «ልጄ፣ ፊትሽ ከስቷል። ሐሳቡ ነው ወይስ ቤቱ?» አሉኝ። ቤቱ ሲሉ ሰውነቴን ማለታቸው ነው። እሳቸው ነገር በቀጥታ አይናገሩም። «ሐሳብ ነው መሪጌታ» አልኩ።

የእርቁን ነገር አስረዱኝ። ደሴ ይቅርታ ይላል፣ እኔም እላለሁ፣ ከዚያ ከአንድ ማዕድ እንቆርሳለን። ያለ መብሉ እርቁ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። «እዚያ ቤት እህል አልቀምስም የሚል ብዙ ነው። ሴትዮዋን ሰው ጎድቷታል። አንቺም እንዳትጨምሪባት አደራ።»

እሺ አልኩ። ቀይ ወጥ። ጠላ። ሁለቱም ለእኔ ጨጓራ እሳት ናቸው። ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ለደሴ ቢነግሩትስ? አፌን ዘጋሁ።

ሰኞ፣ ጥር 20

ገበዝ ማርያም ነኝ፣ ቋሪት ውስጥ። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ሌላ መኪና ተጋፍቼ ይዤ፣ አቧራ ጠጥቼ ደረስኩ። ቤዛን አላመጣኋትም። ሲሰድቡኝ እንድትሰማ አልፈልግም።

የያዝኩት፦ ብልቃጡን፣ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ነጠላ፣ ለመሪጌታ ሻማ። ለነደሴ ምንም። ስኳር ልግዛላቸው ብዬ ሱቅ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

አልጋ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት የማን ዘመድ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። የደሴ ወንድም ሚስት ነበርኩ ስላት «አይ የነየሺ!» አለችና ቁልፉን ሰጥታኝ ቶሎ ወጣች። 

ማክሰኞ፣ ጥር 21

አልጋ ክፍሌ ተመልሼ ነው የምጽፈው።

ቅዳሴ ስለነበርኩ የጠዋቷን እንክብል አልዋጥኩም ነበር። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ አያ ደሴ ቤት ሄድን። ሽማግሌዎቹ ደጅ ላይ ሲመርቁ ከውስጥ የወጡ ሽታ መጣ። አሁን ካልዋጥኩ ግማሽ ሰዓቱ አይሞላም። እጄን ልታጠብ ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩና ጌሾው ሥር ቆሜ ዋጥኳት። ዞር ስል እትዬ የሺ ማማሰያ ይዘው ቆመዋል። ወደ ወጣቸው ተመለሱ። አላዩኝም ብዬ ራሴን ደለልኩ።

አያ ደሴ ትከሻዬን ሳመኝ፤ ጢሙ እንጂ ከንፈሩ አልነካኝም። መሪጌታ ተናገሩ፣ ተናገሩ። ግማሽ ሰዓቱ ከነትርፉ አለፈ። ረጅም ንግግር ሲጠቅመኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው።

ማዕዱ ቀረበ፣ ተባረከ። እጄን ስዘረጋ እትዬ የሺ መሶቡን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይቺ ሴት ማርከሻዋን ውጣ ነው ከማዕዴ የቀረበችው። በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ።»

ማርከሻ! የመርዝ ማፍረሻ ማለታቸው ነው። ቤቱ ተደበላለቀ። አያ ደሴ ብድግ ብሎ ዱላውን ከግድግዳው አነሳ። «ቤቴ ድረስ መጥተሽ ሚስቴን መርዘኛ ትያታለሽ?»

«የሆድ መድኃኒት ነው!» አልኩ።

«እሱንማ እኛም መድኃኒት ነው የምንለው!» አለ አንዱ ከኋላ። እዚህ አገር መድኃኒት ሲባል ሐኪም የሚሰጠውም ነው፣ ጠላት የሚያበላውም ነው። ቃሉ ራሱ ከዳኝ።

ከልብሴ ሥር አውጥቼ ብልቃጡን መሪጌታ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት። ተቀባበሉት፤ እንደሚፈነዳ ነገር በጣታቸው ጫፍ ነው የሚይዙት። ጨጓራዬን መታመሜን፣ ሐኪሙ ከምግብ በፊት እንድውጥ ማዘዙን ተናገርኩ። ለሳምንት የደበቅሁትን ነገር በሰው ፊት ዘረገፍኩት። አያ ደሴ ፊት ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። መታመሜን በሆዱ መዘገበው።

እትዬ የሺ ግን እጃቸውን ዘረጉ። «እውነት የጨጓራ ከሆነች እኔም ልዋጣት። ስጪኝ።»

ብሰጣቸው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አንዲት ፍሬ ናት። ግን የተሸከሙትን በሽታ አላውቅ፣ የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት አላውቅ። «አይሆንም እትዬ የሺ። ለእኔ ነው የታዘዘችው። እርስዎን ምን እንደምታደርግዎ አላውቅም።»

«አያችሁ! አያችሁ!»

ተናደድኩ። ለቅሶ ላይ የዋጥኩት ንዴት ጭምር ወጣ። «ፈርቼ ከሆነ የመጣሁት እርስዎ በእጅዎ ያጉርሱኝ! ከፈለጉት ወገን ይቁረሱ። እኔ የፈራሁት እጅዎን አይደለም፣ በርበሬዎን ነው!»

አንድ ሽማግሌ ፈነዳ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እትዬ የሺ አልሳቁም። እንጀራ ቆረሱ፣ ጠቀለሉ። ወደ አፌ ሲያስጠጉት በቀስታ «ጎረቤቶቼ ከቤቴ ውሃ አይጠጡም» አሉ። «ልጄን የሚያጭ ጠፋ። አንቺም እንደነሱ መስለሽኝ ነው።»

ጎረስኩ። እሳት ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ። ሰዉ በእርቁ ያለቀስኩ መስሎት ዕልል አለ። ጠላው ሲመጣ መሪጌታ «የመምህርቷ ድርሻ ለኔ ይሁን» ብለው የኔንም ጠጡልኝ።

ማሳውስ? አያ ደሴ በሩን እያየ «ይለካል» አለ። መቼ? «ሲመች።»

ረቡዕ፣ ጥር 22

ቡሬ ገባሁ። ጨጓራዬ ለትናንቱ ጉርሻ እየተበቀለኝ ነው።

አመሻሹ ላይ በአያ ደሴ ቁጥር ተደወለ። እትዬ የሺ ናቸው፣ በሹክሹክታ። «ያቺን ፍሬ ላኪልኝ። እኔንም ያቃጥለኛል። ከረመብኝ። ደሴ አያውቅም።»

ትናንት እጃቸውን የዘረጉት ሊፈትኑኝ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

እንደዚያች እንደምትጮኸው ሴትዮ ጠየቅኋቸው። ማስታገሻ ይወስዳሉ? ለወገባቸው፣ ከገበያ፣ ሥራ በበዛ ቁጥር። ሰገራዎስ? መጀመሪያ ስለ ወገባቸው ደገሙልኝ።  «እንደ ሬንጅ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሰሞኑን ደግሞ ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልማል።»

የመድኃኒት ክፍሏ ሴትዮ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለኝ።

እንክብሎቹን ነገ በመኪና ብልክላቸው ይመርቁኛል። ማሳውም ይለካ ይሆናል። ቃጠሎው ጋብ ሲልላቸው ግን ዳኑ ብለው ይቀመጣሉ፣ ደሙ ውስጥ ውስጡን ይፈሳል። «አልልክም» አልኩ። «የእርስዎ የፍሬ ነገር አይደለም፣ ደም እየፈሰስዎ ሊሆን ይችላል። ማስታገሻዋን አሁኑኑ ይተዉ፣ ነገ በጠዋት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይሂዱ።»

«ነፈግሽኝ» አሉና ዘጉት። መልሼ ብደውል ስልኩ ጠፍቷል።

ሐሙስ፣ ጥር 23

አያ ደሴ ጎህ ሲቀድ ደወለ። ሰላምታ የለም። «ባንድ ማዕድ በልተን አንዲት ፍሬ ትነፍጊያለሽ? እርቁ ለመሬቱ ኖሯል!»

እትዬ የሺ ፍሬ ነፈገችኝ ብለውታል፣ ደሙን ግን አልነገሩትም። ለእኔ ብቻ የነገሩኝ ምሥጢር ነው። አወጣሁት። «አያ ደሴ፣ እትዬ የሺ ውስጣቸው እየደማ ነው! ዛሬውኑ ይውሰዷቸው!»

«ሚስቴን አታሟርቺባት!» ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ሬሳቸው ሲወጣ ታየኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ አንድ አፍታ ደግሞ ይበለው አልኩ። ለእሱ። ለእሳቸው ግን አይደለም። ለመሪጌታ ደወልኩ። እየጮህኩ ነገርኳቸው። ነገር ሳያዞሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ተናገሩኝ። «ገባኝ። አሁኑኑ ሄጄ ከነአልጋዋ አስነሳታለሁ።»

ክፍል ገብቼ ያስተማርኩትን አላስታውስም። ቤዛ ማታ እንክብሏን ከውሃ ጋር አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ። እሷም ታውቃለች ለካ። መጀመሪያውኑ ለልጄ መንገር ነበረብኝ።

ዓርብ፣ ጥር 24

እነእትዬ የሺ ትናንት መኪና አጥተው አደሩ። ዛሬ ሳይፈቀድልኝ ከትምህርት ቤት ወጣሁና ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቅኋቸው። በቃሬዛ ነው ያወረዷቸው። መንገድ ላይ ራሳቸውን ስተው ነበር፣ ፊታቸው እንደ አመድ ነጥቷል።

ያው ሐኪም ነው። ያው ግንባሩን የቋጠረ። ግን ሮጠ። ሲሮጥ አይቼ ይቅር አልኩት፤ ትንሽ። ማስታገሻው ያቆሰለው ቁስል ነው የሚደማው አለ። ደም ያስፈልጋል ሲል አያ ደሴ እጅጌውን ሰበሰበ። የእሱ አልገጠመም ተባለና ከዘመድ ተገኘ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ደሴ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «ከአንቺ ጋር ከበላች ወዲህ ነው» አለኝ።

ከጎኑ ያሉት ዘመዶቹ ቀሚሳቸውን ከቀሚሴ ሰበሰቡ። አንዷ «ያበላቻት እሷ ናት» ስትል ሰማሁ። በእትዬ የሺ ላይ ሲባል የኖረው ነገር አሁን እኔ ላይ ወረደ። መሪጌታ ሊቆጧቸው ተነሱ፣ ማንም አልሰማቸውም። ግቢው ውስጥ ባህር ዛፍ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። የእሳቸው ኑሮ ምን እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ እዚያ ነው።

እሑድ፣ ጥር 26

ደሙ ቆሟል። ደም ተሰጣቸው፣ አሲድ የሚቀንሰውንም በመርፌ ሰጧቸው። ዛሬ ወተት ቀመሱ።

ልግባ አልግባ እያልኩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከቋሪት የመጡ ጠያቂዎች አልጋውን ከበውታል። ዓርብ «ያበላቻት እሷ ናት» ያለችው ሴትዮ ስታየኝ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ከማን ጋር እንደበላች ሁላችንም እናውቃለን» አለች።

እትዬ የሺ ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከሩ፣ አልቻሉም። ድምፃቸው ግን ወጣ። «ተዪያት! ያጎረስኳት እኔ ነኝ። እሷ መች አጎረሰችኝ?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰበሰበች።

«ያቺን ፍሬ ልካልኝ ቢሆን ውጬ እተኛ ነበር። ዛሬ ለቅሶዬ ላይ ነበር የምትቀመጪው። ውጪ አሁን፣ አየር አትዝጊብኝ!» ሴትዮዋ ወጣች። ለእኔም ቢሆን ፈገግታ አልሰጡኝም። «አንቺም ምሥጢር አትጠብቂም» አሉኝ። እውነት ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ አላባረሩኝም።

ከሰዓት በኋላ አያ ደሴ እትዬ የሺ ከሆስፒታል ሲወጡ የሚወስዱትን መድኃኒት ተቀብሎ መጣ። ሳያየኝ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» በፊት ነው፣ ግማሽ ሰዓት አልኩት። እንዳትከፈት፣ እንዳትቋረጥ፣ ከገበያ ማስታገሻ ዳግመኛ እንዳይገዛ፣ ለሰው እንዳይሰጥ ነገርኩት። እየደጋገመ በከንፈሩ አጠናው። እንዲህ ሲያደርግ መንግሥቱን ይመስላል። ያንንም ጠላሁት።

የኔ ቃር ቀንሷል። ድኛለሁ ብዬ አልጽፍም፤ መድኃኒቱ ገና አላለቀም።

የቡሬው ሚኒባስ ሊወጣ ሲል አያ ደሴ እየሮጠ ደረሰና በመስኮቱ በኩል ቆመ። ሾፌሩ ክላክስ እያደረገ ነው።

«እሷ ስትድን ገመድ ይዤ እጠብቅሻለሁ» አለኝ።

ለማሳው ይሁን ለአንገቴ ፊቱ ላይ አላነበብኩም። መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን ጮኾ ጨመረ።

«ልጅቷንም ይዘሻት ነይ። ድንበሯን ራሷ ትርገጠው።»